በኪራይ መኪና ላይ የግል ፓርኪንግ ክፍያ ሲጠየቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝና በዌልስ የግል የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድር ድርጅት የክፍያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚሄደው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ወገን ነው። መኪናው የሊዝ ወይም የኪራይ ከሆነ፣ እኛ ሊብሬ የምንለው ሎግቡክ ላይ የሰፈረው አብዛኛውን ጊዜ የአከራዩ ስም ስለሆነ፣ ደብዳቤው ለእርስዎ የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ ነው። ለንደን ውስጥ ፒሲኦ የሚባለውን የግል ታክሲ መኪና በሳምንት ኪራይ ይዘው የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ፖስታ በሚገባ ያውቁታል። ብዙዎች ክርክራቸውን "ምልክቱ አይታይም ነበር" ወይም "የቆምኩት አምስት ደቂቃ ነው" ብለው ይጀምራሉ። በኪራይ መኪና ላይ ግን ከሁሉም የሚጠነክረው መከራከሪያ ፖስታው ውስጥ የጎደለው ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ደብዳቤውን ከካውንስል ቅጣት ጋር ማምታታት ነው። ሁለቱም በአጭሩ ፒሲኤን ይባላሉ። የካውንስሉ "ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ" በሕግ የተደነገገ ቅጣት ሲሆን፣ የግሉ "ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ" ግን ውል ጥሰሃል በሚል የሚቀርብ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

"የግል ከሆነማ ምን ያመጣሉ" ብሎ ቅርጫት ውስጥ መጣልም አያዋጣም። በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በቼምስፎርድ ከተማ ሁለት ሰዓት ብቻ በሚፈቀድበት የገበያ ማዕከል 56 ደቂቃ አሳልፎ የቆየ አሽከርካሪ የተጠየቀው 85 ፓውንድ ተገቢ ነው ሲል ወስኗል። ከዚያ ወዲህ "የግል ድርጅት ሊቀጣ አይችልም" የሚለው ክርክር ብቻውን የትም አያደርስም።

ሦስተኛው ስህተት አከራዩ ጉዳዩን በራሱ እንዲጨርስ መተው ነው። ብዙ የኪራይ ውሎች አከራዩ ክፍያውን ከፍሎ፣ የአስተዳደር ወጪም ጨምሮ፣ ከካርድዎ ወይም ከዲፖዚትዎ እንዲወስድ ይፈቅዳሉ። አንዴ ከተከፈለ በኋላ ከፓርኪንግ ድርጅቱ ጋር የሚያከራክር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውልዎን አስቀድመው ያንብቡ፤ ደብዳቤ መምጣቱን እንደሰሙም "እባክዎ አይክፈሉ፣ ተከራዩ እኔ መሆኔን ገልጻችሁ ኃላፊነቱን ወደ እኔ አስተላልፉ" ብለው በኢሜይል ይጻፉ። ስልክ መደወል ማስረጃ አይተውም።

አራተኛው ስህተት በአንዲት ቃል የሚፈጸም ነው። "መኪናውን ያቆምኩት ለአጭር ጊዜ ነው" ብለው ከጻፉ፣ አሽከርካሪው እርስዎ መሆንዎን በራስዎ እጅ መሰከሩ፤ ከዚያ በኋላ በተከራይነትዎ የሚያገኙት ጥበቃ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ለግል ድርጅት አሽከርካሪው ማን እንደነበረ የመንገር የሕግ ግዴታ የለብዎትም። ይህ ግን ፖሊስ ሲጠይቅ አይሠራም፣ መዋሸትንም አይፈቅድም። "አሽከርካሪው" እያሉ በሦስተኛ ሰው መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ፣ በአራተኛው ሠንጠረዡ፣ አሽከርካሪው ባይታወቅም ገንዘቡ ከተከራዩ ሊጠየቅ የሚችልበትን መንገድ አስቀምጧል፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። አከራዩ ደብዳቤው በደረሰው በ28 ቀናት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለፓርኪንግ ድርጅቱ መላክ አለበት፦ መኪናው በዚያ ጊዜ ለእርስዎ ተከራይቶ እንደነበር የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ፣ የኪራይ ውሉ ቅጂ፣ እንዲሁም የፓርኪንግ ክፍያዎችን ኃላፊነት እንደሚወስዱ የፈረሙበት መግለጫ ቅጂ። ድርጅቱ በበኩሉ እነዚህ ወረቀቶች በደረሱት በ21 ቀናት ውስጥ ለእርስዎ ደብዳቤ መስጠት፣ ከደብዳቤውም ጋር የሦስቱን ወረቀቶችና ለአከራዩ የተላከውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ቅጂ ማያያዝ ይኖርበታል።

ፖስታውን ሲከፍቱ ምን ያያሉ? ብዙ ጊዜ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት፤ ከፊት የመኪናው ፎቶና የገንዘቡ መጠን፣ ከጀርባ የአከፋፈል መመሪያ። የኪራይ ውል የለም፣ ፊርማዎ ያለበት ነገር የለም። እንግዲህ ሰዎች አይተው የሚያልፉት ይህንን ነው። ፖስታውን ሳይጥሉ የደረሰበትን ቀን ይጻፉበት፣ ውስጡ የነበረውንም በሙሉ ፎቶ ያንሱ።

ቀን ሲቆጥሩም መጠንቀቅ ያሻል። በየቦታው የሚነገረው የ14 ቀን ገደብ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ ሲከሰስ፣ ለአከራዩ የሚላከውን የመጀመሪያ ደብዳቤ የሚመለከት እንጂ የእርስዎን አይደለም። መኪናው ማርች 1 ቆሞ፣ አከራዩ ማርች 11 ደብዳቤ ደርሶት፣ ወረቀቶቹን ያሟላው መልሱ ለድርጅቱ ማርች 25 ቢደርሰው፣ ድርጅቱ ለእርስዎ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ጊዜ አለው። "ከስድስት ሳምንት በኋላ ስለመጣ አልፎበታል" ብሎ መጻፍ በመጀመሪያው መስመር ላይ መሸነፍ ነው።

መቸኮልም የራሱ ዋጋ አለው። ወረቀቱ መጉደሉን በማግስቱ ከጻፉላቸው፣ 21 ቀኑ ሳያልቅ አሟልተው ሊልኩ ይችላሉ። ለአቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ 28 ቀን ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት በመጨረሻዎቹ ቀናት ማስገባት ይሻላል፤ በ14 ቀን ውስጥ ለሚከፍል የሚሰጠው ቅናሽ ግን በዚህ መሐል ሊያመልጥዎ እንደሚችል አውቀው ይወስኑ። አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም፦ ተከራይ መሆንዎን፣ ሕጉ የሚጠይቃቸው ቅጂዎች አብረው አለመላካቸውን፣ ስለዚህም ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ አለመተላለፉን ይግለጹ። ውድቅ ካደረጉትና ድርጅቱ ፖፕላ በሚባለው ገለልተኛ ይግባኝ ሰሚ የሚዳኝ ከሆነ፣ በ28 ቀናት ውስጥ በነጻ ወደዚያ ይግባኝ ይበሉ። የፖፕላ ውሳኔ ድርጅቱን ያስገድዳል፣ እርስዎን ግን አያስገድድም።

ኤርፖርትና ባቡር ጣቢያ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ የሚገዛው መሬት ከዚህ ሕግ ውጭ ስለሆነ፣ ድርጅቱ በተከራይነትዎ ብቻ ተጠያቂ ሊያደርግዎ አይችልም፤ በአቤቱታዎ ላይ ይህንኑ መጥቀስ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የዕዳ ሰብሳቢን ደብዳቤ ከፍርድ ቤት ወረቀት አለመለየት ነው። ዕዳ ሰብሳቢው በቀይ ቀለም ቢጽፍም፣ እስከ 70 ፓውንድ ቢጨምርም፣ ቤትዎ ገብቶ ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የለውም። ከክስ በፊት የሚላክ ማስጠንቀቂያ ሲደርስዎ ግን በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ይስጡ፤ የካውንቲ ፍርድ ቤት የክስ ቅጽ ከመጣ ደግሞ በደረሰዎት በ14 ቀናት ውስጥ መቀበልዎን ካሳወቁ መከላከያዎን ለማቅረብ በጠቅላላው 28 ቀን ያገኛሉ። ዝም ካሉ በሌሉበት ይፈረድብዎታል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈሉም ፍርዱ በስምዎ ላይ ለስድስት ዓመት ተመዝግቦ ይቆያል። ቤት ከቀየሩ፣ መንጃ ፈቃድዎ ላይ አድራሻ ማስተካከል ብቻ አይበቃም። የፓርኪንግ ድርጅቱ የያዘው አከራዩ የሰጠውን አድራሻ ነውና ለሁለቱም አዲሱን በጽሑፍ ይላኩ፣ የላኩበትንም ማስረጃ ያስቀምጡ።