ከዳዩ በፊት ካሊፐሩ፦ የቀለሃ አንገት ማጥበቢያ እንዴት እንደምመርጥ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ ጋራዤ ውስጥ ቆሞ ስልኩን አሳየኝ። የተተኮሰ ቀለሃ ዳግም ለመሙላት አንገቱን ጨምቆ የሚያጠብ ዳይ፣ ማለትም የቅርጽ ማስያዣ ብረት፣ ይፈልጋል። አራት ዓይነት አይቶ አንዱን መምረጥ አቅቶታል። «የትኛው ይሻላል?» አለኝ። «ቀለሃህ ስንት ነው?» አልኩት። «መቶ ምናምን አለኝ» አለ። ብዛቱን አልነበረም የጠየቅኩት። የአንገቱን ውፍረት ነው።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ቶርኖ ቤት እሠራ ነበር። ብረት መለካት የለመደ እጅ ስላለኝ ይሆናል፣ ጥይት ዳግም መሙላት ስጀምር ከተኩሱ ይልቅ ልኬቱ ነው የያዘኝ። ጠመንጃዬ በ.308 ዊንቸስተር ጥይት የሚሠራ፣ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ነው። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ቁጥሮች የዚህ ጠመንጃና የኔ ቀለሃዎች ናቸው። የናንተው ሌላ ይሆናል።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሃው፣ ባሩዱ፣ ከፊት ያለው አረር፣ ከግርጌ ያለችው መለኮሻ። ተመልሶ የሚያገለግለው ቀለሃው ብቻ ነው። ሲተኮስ ነሐሱ ተነፍቶ ከቻምበሩ፣ ጥይቱ ከሚቀመጥበት የጠመንጃው ክፍል፣ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ትንሽ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ድሮው ልኩ አይመለስም። ስለዚህ ከጠመንጃችሁ የወጣ ቀለሃ በጠመንጃችሁ ልክ የተሰፋ ልብስ በሉት። ሙሉውን የሚጨምቀው ዳይ ይህን ልብስ እንደገና ያጠብበዋል፤ ገላውንም ትከሻውንም አንገቱንም። የአንገት ዳይ ግን አረሩ የሚያዝባትን አንገት ብቻ ነው የሚያጠብበው። ገላው በልኩ ይቀራል። ነሐሱም ያን ያህል አይደክምም።

በቅድሚያ ይህ ዳይ የማይሆነው ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠመንጃችሁ በራሱ የሚያጎርስ ከሆነ ተዉት። በማንሻ የሚሠራውም እንደዚያው። እነዚህ ቀለሃውን ያለ ችግር የሚውጡት ሙሉ በሙሉ ሲጠብ ነው። በራሱ የሚያጎርሰው ጠመንጃ ላይ ደግሞ ጥይቱ በደንብ ሳይገባ ቢተኮስ መዘዙ ፊታችሁ ላይ ነው። ከሰው ወይም ከተኩስ ሜዳ የለቀማችሁት ቀለሃም ሙሉውን ሳትጨምቁ አይሆንም፣ የሌላ ጠመንጃ ልብስ ነውና። ሁለት .308 ካላችሁ ቀለሃቸውን በተለያየ ሣጥን አስቀምጡ። እኔ ክዳኑ ላይ በቀይ ማርከር እጽፋለሁ።

አሁን ካሊፐሩን፣ ውፍረት የምንለካበትን መሣሪያ፣ አውጡ።

መጀመሪያ የተተኮሰ ቀለሃ አንገት ለኩ። የኔው 0.344 ኢንች ነው። ቀጥሎ አረር የገባበትን፣ የተሞላ ጥይት አንገት ለኩ። አምስት ስድስት ጥይት ለኩና ብዙውን ጊዜ የሚደጋገመውን ያዙ። የኔው 0.336 ነው። አረሩ 0.308 ስለሆነ የቀረው 0.028 የሁለቱ ግድግዳዎች ድርሻ ነው። እያንዳንዱ 0.014 ማለት ነው። ስስ ቀለሃም አለኝ፣ ግድግዳው 0.012 ስለሆነ ሲሞላ 0.332 ይመጣል። ሁለቱም ላይ ያው .308 ተብሎ ተጽፏል። ልዩነታቸው 4 ሺኛ ኢንች ነው፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ያህል። ኪስ ውስጥ ምንም ነው። እዚህ ግን ዳዩን የሚመርጠው ይኼ ነው።

ተራውን የአንገት ዳይ እንመልከት። ሠሪው የናንተን ቀለሃ አያውቅም። ስለዚህ ስሱንም ወፍራሙንም እንዲይዝ አድርጎ ጠበብ አድርጎ ይሠራዋል። ከዚያ በዳዩ መሀል ባለው ዘንግ ላይ ያለችው ኳስ ስትወጣ አንገቱን ከውስጥ መልሳ ታሰፋዋለች። የኔን ቀለሃ ከ0.344 እስከ 0.329 ጨመቀው። ኳሷ መልሳ 0.334 አደረሰችው። 15 ሺኛ ታች፣ 5 ሺኛ ላይ። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ስታጥፉት እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚሰበር ታውቃላችሁ። ነሐስም እንደዚያው ነው። ጥቂት ዙር ሲሄድ አፉ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታያላችሁ። ከዚህ የሚብሰው ግን ኳሷ ስትጎተት አንገቱን ማጣመሟ ነው። ዳያል ጌጅ በሚባለው ባለ መርፌ መለኪያ ላይ አሽከርክሬ ሳይ በደረቁ የተጎተተው 5 ሺኛ ይወዛወዝ ነበር። የአንገቱን ውስጥ በትንሽ ቅባት ካሸሁት ወዲህ ወደ 2 ወረደ። እንግዲህ ተራ ዳይ ቀድሞ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ቅባቱን አትርሱ፣ ያ ነው ጉዳዩ።

ሁለተኛው በቡሽንግ የሚሠራው ነው። መካኒኮቻችን ቡሽ የሚሉት ያው ቀለበት ነው። ሬዲንግ፣ ፎርስተርና ዊልሰን ይሠሩታል። ዳዩ አንድ ነው፣ ቀለበቱ ግን ይቀያየራል፤ በ1 ሺኛ ልዩነት ይሸጣል። አመራረጡ ተራ ሂሳብ ነው። ከተሞላው ጥይት አንገት 2 ሺኛ ቀንሱ። የኔ 0.336 ስለሆነ 0.334 ገዛሁ። ለስሱ ቀለሃ 0.330። አንገቱ ከቀለበቱ ሲወጣ ትንሽ ስለሚመለስ፣ ደርቆ ከሆነ 3 ሺኛ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። ኳሷን ትታችሁ ነው የምትሠሩት። ኳሷን ካልተዋችሁ ቀለበቱን መግዛታችሁ ምን ጠቀማችሁ?

ልብ በሉ፣ ከ0.344 ወደ 0.334 በአንድ ጊዜ መውረድ ትልቅ እርምጃ ነው። ብዙ ሲጨመቅ አንገቱ ከቀለበቱ ልክ በላይ ሊጠብ ወይም ሊዛነፍ ይችላል። እኔ በሁለት ቀለበት ነው የማወርደው። መጀመሪያ 0.339፣ ከዚያ 0.334። ጊዜ ይወስዳል። እሑድ ከሰዓት ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

የቀለበቱ አቀማመጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላይ ያለውን ማሰሪያ ጭምቅ አድርጎ ያጠብቀዋል። መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ ማሰሪያው ቀለበቱን እስኪነካ አዙሩ፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት። ዳዩን ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ቀጭ ቀጭ ሲል መሰማት አለበት። ቀለበቱ ሲንሳፈፍ ነው አንገቱን ራሱ ፈልጎ መሀል የሚይዘው። ዝም ካለ ታስሯል ማለት ነው። እንዲሁም ቀለበቱ እስከ ትከሻው ሥር አይደርስም፤ ጥቂት አንገት ሳይጠብ ይቀራል። ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ጥይቱ ቻምበር ውስጥ መሀል እንዲይዝ ይረዳል የሚሉ አሉ።

የቡሽንግ አንድ እንከን አለው። የሚጨምቀው ከውጭ ነው። ግድግዳው ባንድ በኩል 0.013፣ በሌላ በኩል 0.015 ከሆነ ውጩን አሳምሮ ጉድለቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አረሩ ደግሞ የሚቀመጠው ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ዳይ የሚገዛ ሰው ወይ ጥሩ ቀለሃ ይግዛ፣ ወይ አንገቱን በመሣሪያ እየላጠ ያስተካክል። እኔ ልጬ አውቃለሁ። የቶርኖ ሱሴን ያስታግሳል እንጂ ለሁሉም ሰው አልመክርም።

ሦስተኛው ኮሌት ነው። ሊ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣው ነው በብዛት የሚታወቀው። ከቡሽንጉ በዋጋ ይረክሳል። አሠራሩ ሌላ ነው። በመሀል ዘንግ ይቆማል፣ አንገቱ ዘንጉ ላይ ይጠልቃል። ከዚያ የተሰነጠቀ ኮሌት ከዙሪያው ጨብጦ ዘንጉ ላይ ይጫነዋል። የምትጎትት ኳስ የለችም፣ ቅባት የለም። የግድግዳው ጉድለት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውስጡ የዘንጉን ቅርፅ ይይዛል። ያለችኝን ሳንቲም አንድ ዳይ ላይ አውል ብባል ይህን ነው የምገዛው። አንገቱ አረሩን ላላ አድርጎ ከያዘው ዘንጉን ትንሽ አቅጥኑት። ቶርኖ ካላችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አንድ ሺኛ እስኪወርድ። ካሊፐሩን ቶሎ ቶሎ አስጠጉ፤ የወጣ አይመለስም።

ኮሌት ግን እጅ ይፈልጋል። ተራው ዳይ እጀታውን እስከ ታች ስትስቡት ሥራው አለቀ። ኮሌቱ የሚሠራው በግፊቱ መጠን ነው። እኔ ጫን አደርጋለሁ፣ ቀለሃውን ግማሽ ዙር አዞራለሁ፣ ደግሜ ጫን። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀለሃዎች የትምህርት ክፍያ ናቸው ብላችሁ ያዙ።

እና በባዶው አትሳቡት! አንድ ማታ ስልክ እያወራሁ ቀለሃ ሳላስገባ እጀታውን ሳብኩ። ኮሌቱ ተጨብጦ እዚያው ቀረ። እኔ አላወቅኩም። ቀጣዩን ቀለሃ ሳስገባ አፉ እንደ ቆርኪ ተጨማደደ። ዳዩን ፈትቼ፣ ሾጠጥ ባለ ብረት ኮሌቱን ከፍቼ፣ የሚንሸራተትበትን ፊት አሽቼ ግሪስ ቀብቼ ነው የተነሳልኝ። በስልኩ ያወራሁት የባጃጅ ዋጋ ነበር። አገር ቤት ሊገዛ ለሚያስብ የአጎቴ ልጅ።

የአንገት ዳይ የሚሸጥ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። ብቻውን አይበቃም። ቀለሃው በየተኩሱ እየሰፋ ሄዶ ከጥቂት ዙር በኋላ ቻምበሩ ውስጥ መጥበቅ ይጀምራል። ይህን የተማርኩት በተኩስ ሜዳ ቢሆን ምንም አልነበረም። የተማርኩት ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሳድን፣ እዚሁ ኮሎራዶ ክሬግ አካባቢ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አራት ጊዜ በአንገት ዳይ ብቻ የሠራሁት ቀለሃ ነበር። ኤልኩ ቆሞ ያየኛል፣ ማቀባበያው አልዘጋ አለ። በመዳፌ ስመታው ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ኤልኩ ምን ይጠብቃል?

ከዚያ ወዲህ ለአደን የምሞላውን ሁሉ ሙሉውን እጨምቃለሁ። ለዒላማ ብቻ የአንገቱን ዳይ እጠቀማለሁ። ከአንገት ዳዩ ጋር አብሮ ደግሞ ገላውን ብቻ የሚያጠብ ዳይ ገዛሁ፤ አንገቱን አይነካም፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ይገፋል። ማቀባበያው ከበድ ሲለኝ ቀለሃዎቹን በሙሉ በሱ አሳልፋለሁ። ትከሻው ከ1 እስከ 2 ሺኛ ከተገፋ በቂ ነው። ከዚያ በላይ መግፋት ነሐሱን በየተኩሱ ያስረዝመዋል፣ ከግርጌው በላይ ይሳሳል። እዚያ ጋ የሚያበራ ቀለበት የመሰለ መስመር ካያችሁ ቀለሃውን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ጣሉት። ርዝመቱንም አትርሱ። ለ.308 ከ2.015 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ እኔ 2.005 ላይ እቆርጠዋለሁ።

በነገራችን ላይ ዛሬ ብዙ የውድድር ተኳሾች የአንገቱን ዳይ ትተው፣ ሙሉውን በጥቂቱ ወደ መጭመቅ ተመልሰዋል። ማቀባበያው ሁልጊዜ እኩል እንዲዘጋ ነው። ትክክል ናቸው። የአንገት ዳይ ግን አንድ ጠመንጃ ላለው፣ በዝግታ ለሚተኩስ፣ ቀለሃው እንዲቆይለት ለሚፈልግ ሰው አሁንም ጥሩ ነው።

ጓደኛዬ ሄዶ ለካ። ማታ ደወለልኝ። «ኮሌቱንና የገላውን አዘዝኩ» አለ። ቁጥሩን ጠየቅኩት። «እኔ እንጃ፣ ካሊፐርህ የተበላሸ መሰለኝ። አንዴ 0.332፣ አንዴ 0.336 ይላል።»

«ግርጌው ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም አንብብልኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ቀለሃ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ሁለት ዓይነት ነው» አለ።