በንጉሡ ዘመን የወጣ ሕግ ዛሬም የጸና መሆኑን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

በድሬዳዋ ወይም በሐረር ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው በክሱ ላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ተጠቅሶ ሲያገኝ፣ ንጉሡ ካለፉ ሕጋቸውም አልፏል ብሎ መዘናጋት የለበትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ፣ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 1/1967 ሕገ መንግሥቱን ቢያግድም አዋጁን የማይቃረኑ ነባር ሕጎች በሥራ ላይ እንዲቆዩ ደንግጓል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ንጉሡ ሲሞቱም በሕጎቹ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያ የሕጉን ስም፣ የወጣበትን ዓመትና የተጠቀሰውን አንቀጽ በትክክል ይመዝግቡ።

ቀጥሎ በዚያው ጉዳይ ላይ በኋላ የወጣውን አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ ፈልገው ስለተሻሩ ሕጎች የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል አሮጌው ጨርሶ የቀረ ይመስለዋል። ለምሳሌ በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሠራ ነጋዴ ከደንበኛው የተቀበለውን ቼክ ባንኩ በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ) የለውም ብሎ ቢመልስበት፣ የገንዘብ ክሱን የሚመሠርተው ዛሬም በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ ምክንያቱም አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የሻረው የአሮጌውን አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ቼክ የሚደነግገው ክፍል አልተነካም። ይኸው ነጋዴ ከማኅበርተኛው ጋር ቢጣላ ግን የሚዳኘው በአዲሱ ሕግ ነው። በወንጀል ረገድ ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል።

ሦስተኛው ቦታውን መለየት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተሰብ ክፍል በድሬዳዋ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክቷል፤ የሐረሪ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ የሐረር ነዋሪ የድሬዳዋውን አዋጅ ይዞ ቢሄድ አይጠቅመውም።

ድርጊቱ የተፈጸመበትንም ቀን ይመልከቱ። አዲሱ የወንጀል ሕግ መሥራት ከጀመረበት ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በፊት የተፈጸመ ወንጀል፣ ይህ አዲስ ሕግ ለተከሳሹ ካልቀለለ በቀር፣ የሚዳኘው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው።

በመጨረሻም በአንቀጹ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት) የሰጠው ትርጉም ካለ ይፈልጉ፤ ትርጉሙ በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በተለይ ቤት ገዝቶ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በምን ዓይነት ጽሑፍ መደረግ እንዳለበት በሚደነግገው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የሚከራከር ሰው ይህን ሳያይ መልስ ባይጽፍ ይመረጣል።