መጀመሪያ ዓሳው፣ እንጀራው በኋላ

ከ60 ዓመት በኋላ ምግብ በመቀነስ ብቻ ስትከሱ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ሚዛኑ ቢወርድም ጉልበት ይከዳል፤ ከዱካ መነሳት እንኳ ጭንቅ ይሆናል።

ባሕር ዳር መቼም ዓሳ አይጠፋም። ቀረሶ የሚባለው ዓሳ ሲቀርብ መጀመሪያ ሥጋውን ከጎመኑ ጋር ብሉ፤ እንጀራው በመጨረሻ ይምጣ። ፕሮቲኑ ያጠግባል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል። እሾኩን እየለቀሙ መብላት ደግሞ በራሱ ያዘገያል፤ እንጀራው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ይሰንፋል። ዘይት ውስጥ የጠለቀው ጥብስ ግን ለዚህ አይሆንም (ቢጣፍጥም!)፤ ዘይቱ የቀነሰ ወጥ ይሻላል። በጾም ዓሳ የማይበላ ወፈር ባለ ምስር ይተካው።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ፤ እንጀራ ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።