ለአደጋ መዋጮ ስትሰበስቡ ከአጋሮቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ወሬው እኛ ወዳለንበት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲደርስ ሁሉም ደዋይ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ እንርዳ፣ ምግብ ቤቱ እንርዳ፣ የተማሪዎች ማኅበሩ እንርዳ፣ አንድ የሙዚቃ አዘጋጅ ደግሞ «አዳራሽ ብቻ ፈልጉልኝ» ይላል። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ የመዋጮ አሰባሳቢ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥነት እኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ኮሚቴዎች ሲደውሉልኝ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ዶላር ሳይገባ ከአጋሮቹ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረም። ሁለት ገጽ ይበቃል። ሰው ሲያለቅስ ወረቀት ማውጣት ያሳፍራል፤ ግድ የለም፣ ይፈር።

መጀመሪያ የሚጻፈው ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ነው። የአንድን ደግ ሰው የዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ የሚላክበት) ቁጥር በቴሌግራም መበተን ቀላል ነው፣ ክፍያም የለውም። ግን ገንዘቡ የዚያ ግለሰብ ገንዘብ ሆኖ ይታያል፣ ለጋሹም ከግብር የሚቀንስበት ወረቀት አያገኝም። ስለዚህ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ (501(c)(3)) የሚባለው፣ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃድ ያለው ድርጅት አጋር አድርጉ። እንዲህ ያለው ድርጅት ለአገልግሎቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ስንት እንደሆነ በሰነዱ ይግባ፤ ለለጋሾችም ከመስጠታቸው በፊት ይነገር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጠብ አለ። በአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት ገንዘቡ ድርጅቱ እጅ ከገባ በኋላ የመጨረሻ ውሳኔው የድርጅቱ መሆን አለበት። ዝም ብሎ ገንዘብ አስተላላፊ ቧንቧ መሆን አይፈቀድለትም። «እኛ ሰብስበን እነሱ ይወስኑ?» የሚል ሰው ከየስብሰባው አይጠፋም። ሰነዱ ላይ «ኮሚቴው ያማክራል፣ ድርጅቱ ይወስናል፣ በኮሚቴው ምክር የማይስማማ ከሆነ ምክንያቱን በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገልጻል» ብላችሁ ጻፉ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ሰው ታረጋጋለች። ከ250 ዶላር ጀምሮ ለሰጠ ሰው የማረጋገጫ ደብዳቤ የሚልከው ማን እንደሆነም ይለይ። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ለሌላው ይተወዋል።

ከየአጋሩ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለያያል። ምግብ ቤቱ «የእሑድ ገቢዬን እሰጣለሁ» ካለ፣ ከጠቅላላ ሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ? በፈገግታ ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ። የአዳራሽ ዝግጅት ከሆነ የድምፅ መሣሪያው፣ የአዳራሹና የአርቲስቱ ወጪ ከበሩ ገቢ ላይ ይነሳል ወይስ ሌላ ስፖንሰር ይሸፍነዋል? በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ የተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ እዚያው በሦስት ሰው ይቆጠር፣ ሦስቱም ይፈርሙ፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። በካርድ የሚሰበስቡ አጋሮች ደግሞ የክፍያውን ሒሳብ ይወቁ። በጎፈንድሚ (መዋጮ በኢንተርኔት በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። መቶ ዶላር የሰጠ ሰው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያጣል፣ 20 ዶላር የሰጠ ደግሞ 88 ሳንቲም። ትንሽ ትንሽ የሚሰጡ ሰዎች ካሏችሁ በእድራቸው በኩል አንድ ላይ ቢያስገቡ ይሻላል።

በአዳራሹ ዝግጅት በሚካሄድ ጨረታ ላይ በሞቅታ የተጠራ ገንዘብ ገቢ አይደለም። መድረክ መሪው ማይክ ይዞ «ይህን ያህል ሺህ ደርሰናል!» ሲል እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት አምድ አለኝ፦ ቃል የተገባና የገባ። አጋሮቻችሁ ለሕዝብ የሚናገሩት ሁለተኛውን ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቃል የገባውን ሰው የጋበዘው አጋር ራሱ ይደውልለት፤ እናንተ ከደወላችሁ ስልክ አይነሳም።

አሁን ወደ ምንዛሪው ልምጣ፤ በጎፋው ጊዜ ይህን የጠበቀ ሰው አልነበረም። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፣ በነሐሴ ከ100 አለፈ። አስቡት፣ 20 ሺህ ዶላር በ57 ሒሳብ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ነው፣ በ74 ደግሞ 1 ሚሊዮን 480 ሺህ። የ340 ሺህ ብሩ ልዩነት የማን ነው? ሰነዱ በብር ብቻ የተጻፈ ከሆነ አገር ቤት ያለው አጋር «የተስማማነውን ፈጽሜአለሁ» ሊል ይችላል፣ ውሸትም የለበትም። ስለዚህ ስምምነቱ በዶላር ይጻፍ፣ የተመነዘረበት ቀንና የባንኩ ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ፣ ትርፉም ለተጎጂው እንደሚውል በግልጽ ይቀመጥ። ባንድ ጊዜም አትላኩ። መጀመሪያ ሲሶውን፣ ሪፖርት ሲመጣ ቀሪውን።

አገር ቤት ያለው አጋር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እናንተ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር መደራደር ትችላላችሁ። ከቀይ መስቀል ጋር ከሠራችሁ ወይም በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ የእነሱን አሠራር ተቀበሉ። በእናንተ ፎርም ሙሉልን ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

የአካባቢውን ተወላጆች ያለ እነሱ ምንም እንደማይሆን አድርጋችሁ ያዟቸው። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ በዞኑ ከተማ ሳውላ ላይ ዱቄት ስንት እንደሚሸጥ በአንድ ስልክ የሚያጣሩ፣ «ድንኳኑ አልደረሰም» የሚለውን ወሬ ከምንጩ የሚለዩ እነሱ ናቸው። ነገር ግን የተጎጂ ዝርዝር የሚያወጣውና ገንዘብ የሚያከፋፍለው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ይህ ሰውየው ዘመድ ስላለው ለሚደርስበት ሐሜትም መከላከያው ነው።

ደረሰኝ ሌላ ጣጣ ነው። ከገጠር ገበያ የሚገዛ በቆሎ ደረሰኝ የለውም። እዚህ ያለው ሒሳብ መርማሪ ግን ወረቀት ይፈልጋል። አስቀድማችሁ የግዥ ቃለ ጉባኤ ተስማሙ፦ ምን ተገዛ፣ ከማን፣ በስንት፣ ከገዢው ሌላ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበት። በስልክ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይላክ።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ ስፖንሰሮች ባነራቸው ከፊት ተዘርግቶ ከረጢት ሲታደል መታየት ይወዳሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከማንም ባነር ሥር አይቆምም፤ ይህን በሰነዱ አስገቡና ስማቸውን በአዳራሹ ዝግጅትና በምስጋና ደብዳቤው ላይ በትልቁ ጻፉላቸው። የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ።

በመጨረሻ የተረፈ ገንዘብ። በጎፋ የመጀመሪያው ፍላጎት ምግብና መጠለያ ነበር፣ ኋላ ግን ከተራራው ሥር የተነሡ ቤተሰቦችን ማስፈር መጣ፤ ስለዚህ ቶሎ ያላለቀ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የጥሪ ወረቀታችሁ ላይ «ለምግብ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ለቤት ክዳን ማዋል ይቸግራችኋል፤ «ለዕለት ደራሽና ለመልሶ ማቋቋም» በሉ። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሰው ከቀየው ሲወጣ «የጎፋውን ቀሪ ለአፋር እናድርገው» የሚሉ አጋሮች ነበሩ። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን ሰጪው ለጎፋ ብሎ ነው የሰጠው። ይህን ለማድረግ የሚያስችል አንቀጽ ከመጀመሪያው ከሌለ ለለጋሾች ጻፉላቸው፣ መልስ የሚሰጡበት ሁለት ሳምንት ስጧቸው፤ እንቢ ያለ ሰው ድርሻው ጎፋ ይቆይለት።