ስንገጥምና መላ ስንመታ የትኛውን የእንግሊዝኛ ግሥ እንጠቀም?

አማርኛ በአንድ «ገጠመ» ብዙ ሥራ ያሠራል። አልጋ ይገጠማል፣ ቁልፍ በር ላይ ይገጠማል፣ ግጥም ይገጠማል፣ ችግርም ይገጥማል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ግሥ ያመጣል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚተክል፣ ላሊበላ እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ ደሴ ውስጥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

ከዕቃው እንጀምር። የተበታተኑ ክፍሎችን አንድ ሙሉ ዕቃ ስታደርጉ በንግግር «ፑት ቱጌዘር»፣ በመመሪያ ወረቀትና በፋብሪካ ቋንቋ ደግሞ «አሴምብል» ይባላል። አንዱን ክፍል ከሌላው ላይ ስታያይዙ «አታች» በሉ፤ የሚያያዝበት ነገር ከ«ቱ» በኋላ ይመጣል። ሁለት እኩያ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ሁለት ቧንቧ፣ ስታገናኙ «ጆይን» ነው። ፓምፕ ወይም ማሽን ቦታው ላይ ተክላችሁ ከመስመር ጋር ስታገናኙ «ኢንስቶል»፤ ዕቃውን ለሥራ ዝግጁ አድርጋችሁ ስታሰናዱ «ሴት አፕ»። ድንኳን ሲተከል «ፑት አፕ» ይባላል። «ፊክስ» ላይ ተጠንቀቁ። ማሰርም መጠገንም ስለሆነ፣ አዲስ በር የምትገጥሙለት ደንበኛ «አይ ዊል ፊክስ ዘ ዶር» ስትሉት በሩ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ለበርና ለቁልፍ «ፊት» ይሻላል። ይኸው ግሥ ልክ መሆንንም ይናገራል፤ ቡሎኑ አልገባ ሲል «ዚስ ቦልት ደዝንት ፊት» ነው።

4 እግርና 8 ቡሎን ያለው አልጋ የሚገጥም ሰው ለረዳቱ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ይሄዳል፦ «አታች ዘ ሌግስ ቱ ዘ ፍሬም። ዩዝ ቱ ቦልትስ ፎር ኢች ሌግ። ዶንት ታይትን ዘም የት።» መጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ገና አታጥብቁት» ማለት ነው። የመጀመሪያውን እግር አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው የቀሩት ቀዳዳዎች አልገናኝ ሊሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ከገባ በኋላ «ናው ታይትን ኦል ኤይት» ይባላል።

አሁን ዋናው ስህተት። አማርኛ ተሳቢውን ከግሡ መጨረሻ ላይ ይለጥፋል፤ «ገጠምኩት» ስንል «ት» መጨረሻ ናት። በዚያ ልማድ «አይ ፑት ቱጌዘር ኢት» ይባላል፤ ይህ ስህተት ነው። «ፑት ቱጌዘር»ን በመሰሉ ግሦች «ኢት» እና «ዘም» ሁልጊዜ መሀል ይገባሉ፦ «አይ ፑት ኢት ቱጌዘር»። ተሳቢው ስም ሲሆን ግን መሀልም መጨረሻም ይችላል፦ «ፑት ዘ ቤድ ቱጌዘር»፣ «ፑት ቱጌዘር ዘ ቤድ»። ስሙ ረጅም ከሆነ መጨረሻ ላይ አውሉት፤ ሁለቱ የግሡ ክፍሎች ከተራራቁ ሰሚው ይጠፋበታል። «ፑት» በኃላፊ ጊዜም ያው «ፑት» ነው፤ «ፑትድ» የሚባል የለም።

ላሊበላ ላይ ለሚያስጎበኙ አንድ ነገር እንጨምር። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠሩም። «ቢልት» ብትሉ የሚወቅሳችሁ የለም፤ ግን እንግዳው ሊያይ የመጣው ተአምር ከቃሉ ይጎድላል። «ካርቭድ አውት ኦፍ ዘ ሮክ» በሉ። ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትወስዱት ግን «ቢልት» በትክክል ቦታው ነው፤ እዚያ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ተደርድሯል።

ወደ መላ መምታቱ እንለፍ። «አወቅሁ»ን ሁሉ «ዲስከቨር» ማድረግ ይቅር። ጠይቃችሁ ወይም አንብባችሁ የምታገኙት «ፋይንድ አውት» ነው፤ የወልድያ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ መናኸሪያ ሄዳችሁ «ፋይንድ አውት» ታደርጋላችሁ። ቁልፉ ለምን እንደማይዞር አገላብጣችሁ አይታችሁ፣ አስባችሁ ስትደርሱበት «ፊገር አውት» ነው። «ወርክ አውት»ም በዚህ ቦታ ይሠራል፤ አሜሪካኖች «ፊገር አውት» ያበዛሉ፣ እንግሊዞች «ወርክ አውት»። «ሶልቭ» የሚፈታው ችግርን ወይም የሂሳብ ጥያቄን ነው፤ መልስ አይፈታምና «ሶልቭ ዚ አንሰር» አይባልም። የተበጣጠሰ መረጃ ገጣጥማችሁ የሆነውን ስትረዱ ደግሞ «ፒስ ቱጌዘር» ጥሩ ግሥ ነው።

«ወርክ አውት» ሂሳብም ያሰላል። 8 ሰው ምሳ በልቶ 1,240 ብር ቢመጣ «ኢት ወርክስ አውት አት 155 ብር ኢች» ይባላል፤ ለእያንዳንዱ 155 ይደርሰዋል ማለት ነው። ነገሩ ሲሳካም «ኢት ወርክድ አውት» ነው። ሰው ደግሞ ስፖርት ሲሠራ ያው ቃል ይመጣል፤ አብሽሩ፣ ከዙሪያው ካሉት ቃላት ይለያል።

ከሁሉ የሚያስፈራው «ሜክ አፕ» ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሪፖርት እንዳዘጋጃችሁ ለመግለጽ «አይ ሜድ አፕ ዘ ሪፖርት» ካላችሁ፣ ቀጣሪው የሚሰማው «ሪፖርቱን ከራሴ ፈጠርኩት» ነው። «አይ ፑት ቱጌዘር ዘ ሪፖርት» ወይም «አይ ፕሪፔርድ» በሉ። «ኢዝ ሜድ አፕ ኦፍ» ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ከምን ከምን እንደተዋቀረ ይናገራል። ለ«ችግር ገጠመኝ» «አይ ራን ኢንቱ ኤ ፕሮብሌም» ይበቃል።

«ፊገር አውት»ን የመሰሉ ግሦችን ስትናገሩ ጉልበቱን ሁለተኛው ቃል ላይ ጣሉ፤ «ፊገር» ቀለል፣ «አውት» ጠንከር። «ወርክአውት» ስም ሆኖ ስፖርቱን ሲጠራ ግን ጉልበቱ ወደ «ወርክ» ይመለሳል። ለመለማመድ ከፊታችሁ ያለ አንድ ዕቃ ውሰዱና ስለ እሱ ከነዚህ ግሦች በአንዱ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ሦስቴ አዙሩት፦ መጀመሪያ በስሙ፣ ቀጥሎ «ኢት» መሀል አስገብታችሁ፣ ከዚያ በኃላፊ ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ምላሳችሁ ካመነታ፣ ሌላ ግሥ ሳትጨምሩ እሱኑ ድገሙት።