ጊታሩ በዝቶ ሙዚቃው ሲጠፋ፦ ለጀማሪ ጃዝ ጊታሪስቶች የጋራ ልምምድ ችግርና መፍትሄ

ብቻውን ሲለማመድ ጥሩ የሚጫወት ሰው፣ አራት አምስት ሆነው ሲቀመጡ እጁ ይተሳሰራል። ኮርዱን ያውቀዋል፤ ግን የት እንደደረሱ ይጠፋበታል። ወይም ሁሉም በትክክል እየተጫወተ ድምፁ ተደማምሮ ጫጫታ ይሆናል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። በቡድን ስትጫወቱ ብቻ የሚመጡ ችግሮች አሉ። አብዛኞቹ ደግሞ የሚፈቱት ብዙ በመጫወት ሳይሆን በመቀነስ ነው። ከታች ያሉትን ምልክቶች ከራሳችሁ ቡድን ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ።

ድምፁ ይደፈርሳል፣ ኮርዱ አይለይም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሲመታው ኮርዱ ያምራል። አንድ ላይ ሲሆን ግን የሚሰማው ጎርናና ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ጀማሪ ጊታሪስት ኮርድ ሲይዝ አምስት ስድስት ክር ይመታል። አምስት ሰው ከሆናችሁ በአንድ ጊዜ እስከ 30 ክር ይጮኻል ማለት ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ተቀራርበው የሚመቱ ድምፆችን ደግሞ ጆሮ ለይቶ መስማት ያቅተዋል።

ስለዚህ ኮርዱን ወደ ሦስት ኖታ አውርዱት፦ መነሻው (ኮርዱ የተሰየመበት ኖታ)፣ በስኬሉ ከእሱ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው። ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር የሚነግራችሁ ሦስተኛው ነው። ሰባተኛው ደግሞ ኮርዱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይጠቁማል። አምስተኛው ብዙ ጊዜ ቢቀር ማንም አያጣውም።

በጃዝ በየዘፈኑ የምታገኙትን ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን እንውሰድ። ቀጭኑን ክር 1ኛ፣ ወፍራሙን 6ኛ ብለን እንቁጠር። ለዲ ማይነር ሰቨን 5ኛውን ክር 5ኛው ፍሬት ላይ፣ 4ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ፣ 3ኛውን ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ያዙ። ሌሎቹን ክሮች አፍኗቸው። ወደ ጂ ሰቨን ስትሄዱ መነሻው 6ኛው ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይሆናል። 4ኛው ክር እዚያው 3ኛው ፍሬት ላይ ይቆያል፣ 3ኛው ክር ወደ 4ኛው ፍሬት ይወርዳል። ለሲ ሜጀር ሰቨን መነሻው 5ኛው ክር 3ኛው ፍሬት ነው። 4ኛው ክር ወደ 2ኛው ፍሬት ይወርዳል፣ 3ኛው ክር ባለበት 4ኛው ፍሬት ላይ ይቀራል።

አሁን መነሻ ኖታውን ተዉትና 4ኛውንና 3ኛውን ክር ብቻ ምቱ። በመጀመሪያው ለውጥ ሲ ወደ ቢ ይወርዳል፣ ኤፍ አይነቃነቅም። በሁለተኛው ለውጥ ኤፍ ወደ ኢ ይወርዳል፣ ቢ አይነቃነቅም። በእያንዳንዱ ለውጥ የተንቀሳቀሰው አንድ ኖታ ነው፣ እሱም አንድ ፍሬት ብቻ። ኮርዱ መቀየሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህን አንድ ሰው መነሻዎቹን እየመታ፣ ሌላው ሁለቱን ክሮች እየያዘ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ለእኔ የጃዝ ጊታር ውበት መጀመሪያ የሚገለጠው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ በየምቱ አንድ ኖታ እየመታ ቤዝ ይሁን። አንዱ በመሃለኞቹ ክሮች ኮርድ ያጅብ። አንዱ ሜሎዲውን ወይም ሶሎውን ይያዝ። የቀሩትስ? አይጫወቱም። 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ ያጨበጭባሉ፣ ባር (እዚህ አራት አራት ምት የያዘውን የዘፈን ክፍልፋይ) ይቆጥራሉ፣ ያዳምጣሉ። ዙሩ ሲያልቅ ቦታ ትለዋወጣላችሁ። ተራ መጠበቅ የሚከብዳቸው ይኖራሉ፤ ግን የማጀብን ጥበብ የምትማሩት ሌላው ሲያጅብ ስትሰሙ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ፍሬዲ ግሪንን ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የፒያኒስቱን የካውንት ቤሲን ትልቅ የጃዝ ባንድ ተቀላቅሎ በ1987 እስኪሞት ድረስ ለ50 ዓመት ገደማ አብሮ የቆየ ጊታሪስት ነው። ሶሎ እምብዛም አይጫወትም ነበር። ሥራው በየባሩ አራቱን ምት መምታት ነበር፤ ከኮርዱም ብዙ ጊዜ ጎልተው የሚሰሙት ጥቂት ኖታዎች ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን የሚደገፈው በእሱ ምት ላይ ነው። ፈልጋችሁ ስሙት፤ ጊታሩን ለማግኘት ጆሮ ጣል ማድረግ ይጠይቃል።

ቴምፖው እየፈጠነ ይሄዳል

በ120 ቴምፖ (በደቂቃ 120 ምት) የጀመራችሁት ዘፈን ሲያልቅ 140 ደርሷል። ድራም በሌለበት ክፍል ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። ሁሉም ሌላውን ይከተላል። ሶሎ የሚጫወተው ሲሞቀው ይሮጣል፣ አጃቢውም አብሮ ይሮጣል።

ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) 60 ላይ አድርጉት። ጠቅ ባለ ቁጥር “ሁለት”፣ “አራት” በሉ። ጊታር ሳትነኩ ይህን ለጥቂት ጊዜ አድርጉ፣ ከዚያ በመሃል “አንድ”ንና “ሦስት”ን ሙሉበት። ቴምፖው 120 ሆነ ማለት ነው፤ ጠቅታው ግን የሚመጣው ጃዝ ውስጥ ድራመሩ ብዙ ጊዜ ሃይ ሃት (በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) በሚዘጋበት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ያስቸግራል። ጠቅታው ወደ 1 እና 3 ዞሮ ካገኛችሁት አቁሙና እንደገና ጀምሩ፤ እየታገሉ መቀጠል ጥቅም የለውም። ሲደላደል አንድ ሰው የሜትሮኖሙን ድምፅ ለ8 ባር ያጥፋው፣ ከዚያ ይመልሰው። ምን ያህል እንደሸሻችሁ እዚያው ታውቁታላችሁ።

ችግሩ መዘግየት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እጅ የማይደርስበት አንድ የኮርድ ለውጥ አለ። ያችን ሁለት ባር ለይታችሁ ደጋግሟት፤ ዘፈኑን ከላይ ጀምሮ መደጋገም አያድናችሁም።

መሃል ላይ መንገዱ ይጠፋል

አንዱ መጨረሻው ላይ ነው፣ ሌላው ገና መሃል ላይ። ማንም መሳሳቱን አያምንም፣ ዘፈኑም ይፈርሳል።

ጀማሪው ወረቀቱን ባር በባር ያነባል እንጂ የዘፈኑን ቅርጽ ጭንቅላቱ ውስጥ አልያዘም። የጃዝ ብሉዝ በአብዛኛው 12 ባር ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ዘፈኖች ደግሞ 32 ባር ናቸው፣ ስምንት ስምንት ባር ያላቸው አራት ክፍሎች፦ ኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤ (እዚህ የክፍል ስም ናቸው እንጂ ኖታ አይደሉም)። ወጥመዱ እዚህ ውስጥ አለ። የመጨረሻው ኤ አልቆ አዲስ ዙር ሲጀመር ሌላ ሁለት ኤ ይከተላል። ማለትም ሦስት ኤ በተከታታይ ይመጣል። ሰው የሚጠፋው በብዛት እዚያ ነው፤ ስንተኛው ኤ ላይ እንዳለ ይምታታበትና ቢ ውስጥ ቀድሞ ይገባል ወይም ይዘገያል።

መፍትሄው ሜሎዲውን በልብ ማዜም ነው። ሶሎው ሲሄድም፣ ስታጅቡም ዜማው ውስጣችሁ ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሰው ቢ ሲመጣ ጮክ ብሎ “ቢ!” ይበል፣ አዲስ ዙር ሲጀመር እጁን ያንሳ። ወደ ሜሎዲው ተመልሰን እንጨርስ ለማለት የራስን አናት መንካት በጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ የታወቀ ምልክት ነው፤ ከአሁኑ ልመዱት።

ከጠፋችሁ ደግሞ እጃችሁን አቁሙ። መገመት ሌላውንም ይዞ ይጠፋል። ዝም ብላችሁ የታወቀ ምልክት ጠብቁ። ለምሳሌ በኤፍ ብሉዝ 5ኛው ባር ላይ ወደ ቢ ፍላት ሰቨን መሄዱ ጆሮ የማይስተው ለውጥ ነው። እሱ ሲመጣ ግቡ።

ሁለት ሰው የተለያየ ኮርድ ይዟል

ወረቀታችሁን አስተያዩ። ለምሳሌ “ኦተም ሊቭስ” በኢ ማይነርም በጂ ማይነርም የተጻፈ ኖታ አለው፤ ኪው (ዘፈኑ የሚጫወትበት መነሻ ቃና) አንድ ሆኖ እንኳ ኮርዶቹ ከቅጂ ቅጂ ይለያያሉ። አንድ ቅጂ ምረጡ፣ ሁላችሁም እሱን ያዙ። በቃ።

ሶሎው ስኬል መውጣትና መውረድ ብቻ ሆነ

ጣት የለመደውን ይሄዳል። ዝምታ ያስፈራል፣ ስለዚህ ጀማሪው ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው ሳይተነፍስ ይጫወታል።

ሦስት ኖታ ብቻ ፍቀዱለት። ሁለት ባር ይጫወት፣ ሁለት ባር ዝም ይበል። በሦስት ኖታ የሚቀረው ነገር ሪትም ነው፤ ሶሎን ሶሎ የሚያደርገውም በአብዛኛው እሱ ነው። ቀጥሎ ኮርዱ ሲቀየር የአዲሱ ኮርድ ሦስተኛ ኖታ ላይ እንዲያርፍ አድርጉት። ቅድም ያየናት ከሲ ወደ ቢ የምትወርደው ኖታ ለዚህ ትሆናለች፤ ቢ የጂ ሰቨን ሦስተኛ ናት።

አራት አራት ባር እየተቀባበሉ መጫወትም ጥሩ ነው። ረጅም ሶሎ አይኖርም፣ ተራው የሚደርሰው ሰውም የፊተኛው ያለውን መስማት ግድ ይለዋል። ጓደኛችሁ የጨረሰባትን ሐረግ አንስታችሁ ብትጀምሩ ጨዋታው ወዲያው ንግግር ንግግር ይላል።

ቮልዩም እየጨመረ፣ የአንዱ ብቻ እየተሰማ ይሄዳል

አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ወለል ላይ ሲቀመጥ ድምፁ የሚሄደው ወደ ባለቤቱ እግር ነው። እሱ አልሰማ ስላለው ይጨምራል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ግን ጆሮው ይደነቁራል። አምፑን ወንበር ላይ አውጡት ወይም ወደ ላይ አዘንብሉት፣ ቤዙንም ቀንሱ። ከመካከላችሁ አምፕ የሌለው ካለ የሁላችሁም የድምፅ ጣሪያ የእሱ ጊታር ይሁን። ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር በአምፑ ድምፅ የተነሳ በራሱ መጮህ ከጀመረ ከአምፑ ራቅ በሉ፣ ፊታችሁንም አዙሩ።

ሁሉም ተቃኝቶ አሁንም የማይገጥም ድምፅ ካለ የእያንዳንዱን ቱነር (መቃኛ መሣሪያ) የ“ኤ” ኖታ ቁጥር እዩ። አንዱ 440 ላይ፣ ሌላው 432 ላይ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም 440 አድርጉ።

ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ አንድ ዘፈን አልጨረሳችሁም

በየመሃሉ የሚነካካ እጅ ጊዜ ይበላል። ሰው ሲናገር ክር አይነካም የሚል ደንብ አውጡ። በየሳምንቱ አንድ ሰው በተራ ይምራ፦ ዘፈኑን የሚመርጠው፣ ቴምፖውን ቆጥሮ የሚያስጀምረው፣ “ይህችን ቦታ እንድገማት” የሚለው እሱ ነው። ለአንድ ቀን አንድ ብሉዝና አንድ ሌላ ዘፈን ይበቃል። ሰባት ዘፈን ጀምሮ መተው ማንንም አያሳድግም።

አንዱ ቀደም ብሏል፣ አንዱ ወደኋላ ቀርቷል

ቀደም ያለው ሁልጊዜ ሶሎ ሲይዝ፣ የዘገየው ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ ከዚያ መምጣት ያቆማል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በቀላሉ የሚስተካከል ነው። ቀደም ያለውን ቤዝ ላይ አስቀምጡት፤ በየምቱ ትክክለኛ ኖታ እየመረጡ መሄድ እሱንም ይፈትነዋል፣ ሌሎቹም የሚደገፉበት ያገኛሉ። አዲሱ ሰው በየባሩ የኮርዱን መነሻ ኖታ አንዴ ብቻ ይምታ። ለሁለት ዙር እንዲህ ከሄደ በሦስተኛው ዙር ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ይጨምር። ከበዛበት ወደ መነሻው ይመለስ፤ ዘፈኑ ለእሱ ብሎ አይቁም።