ጎርፍ ባቡሩን ሲያስቆመው (ጀርመን ላላችሁ ሀበሾች)

ዝናብ በጣለ ቁጥር በቮይስ አንድ አይነት ነገር ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን አትናቁት። በጁላይ 2021 ምዕራብ ጀርመን አር ሸለቆና አካባቢው ላይ የወረደው ጎርፍ ጀርመን ውስጥ ከ180 በላይ ሰው ገድሏል፣ ወደ 600 ኪሎሜትር የሚሆን ሀዲድም አበላሽቷል። በጁን 2024 ሽቬቢሽ ግሙንድ አጠገብ ዝናቡ ያወረደው አፈር 185 ሰው የጫነ አይሲኢ (ፈጣኑ የረጅም መንገድ ባቡር) ከሀዲድ አውጥቷል፣ እግዜር ይመስገን የተጎዳ አልነበረም፣ በጁላይ 2025 ሪድሊንገን ላይ ግን እንደዚሁ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ 3 ሰው ሞተ። ሀዲዱ የተኛበት ጠጠር ስሩ በውሃ ሲታጠብ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል ከስር ግን ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሄዶ ሳያየው መስመሩ አይከፈትም፣ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታም ባቡር የሌለው ለዚህ ነው።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይባል የለ፣ የጣቢያው ሰሌዳም እንደዛው ነው። 20 ደቂቃ ይላል፣ ከዛ 40፣ ከዛ 70፣ ከዛ "አውስፋል" (ተሰርዟል)። አትጠብቁት። ማታውኑ ዲቢ ናቪጌተር (የባቡር ድርጅቱ አፕ) ላይ ጉዟችሁን እዩ፣ የአየር ጠባዩን ደግሞ ዋርንቬተር የሚባለው የማስጠንቀቂያ አፕ ላይ፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ (ሐምራዊው የመጨረሻው ነው) ከሆነ ሰርግም ይሁን ልቅሶ በጊዜ ደውላችሁ ንገሩ።

መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃና ከዛ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ ጉዞውን ትታችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ፣ ርካሹ ቲኬት ሽፓርፕራይስም ቢሆን። መሄድ የግድ ከሆነ ደግሞ፣ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ መዘግየት ከተጠበቀ ጹግቢንዱንግ የሚሉት ነገር ይነሳል፣ ማለት በዛች ባቡር ብቻ ካልሆነ የሚለው ይቀርና በሌላ ባቡር በሌላ መንገድ መሄድ ይቻላል። ዶይችላንድቲኬት (ለአካባቢ ባቡሮች ብቻ የሚሠራው ወርሃዊ ቲኬት) ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ጎርፍ ነው ብላችሁ አይሲኢ ላይ ዘላችሁ አትውጡ፣ በግልጽ ተፈቅዷል የሚል ማስታወቂያ ካልወጣ ያስቀጣችኋል።

መንገድ ላይ ከቀራችሁስ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሞኘው። እኔ አንዴ ሌሊት ማንሃይም ላይ ሁሉም ነገር ቆሞ፣ ሰልፉ ረጅም ሆኖብኝ፣ ከማላውቃቸው ሶስት ሰዎች ጋር ታክሲ ተጋርቼ ሄድኩ፣ ማንንም አልጠየቅኩም፣ ደረሰኝም አልያዝኩም፣ ብሩ እንደወጣ ቀረ። የራሴ ጥፋት። ስለዚህ ታክሲም ሆቴልም ከመያዛችሁ በፊት ኢንፎርማሲዮኑ ጋ ቆማችሁ ጠይቁ፣ ቫውቸር ካለ ተቀበሉ፣ ከሌለ የለም ያለውን ወረቀት ላይ አስጽፉ፣ ሠራተኛም ከሌለ የሰሌዳውንና የተዘጋውን ቢሮ ፎቶ አንሱ። ከ60 ደቂቃ በላይ ከጠበቃችሁ የሚበላና የሚጠጣ፣ ማደር ግድ ከሆነ ደግሞ ማደሪያ፣ በአውሮፓ ህግ መብታችሁ ነው፣ ምጽዋት አይደለም። በከባድ አደጋ ጊዜ ሆቴሉን 3 ሌሊት ላይ ሊገድቡት ይችላሉ። አንዳንዴ ሆቴሉ ሁሉ ሲሞላ የቆመ ባቡር ከፍተው እዛ ያስተኛሉ፣ ጋቢ ይዞ የወጣ ሰው የዛን ቀን ንጉሥ ነው 😄

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ባቡሩ መነሳት ከነበረበት ሰዓት ጀምሮ በ100 ደቂቃ ውስጥ በምን እንደምትሄዱ ካልነገሯችሁ፣ ራሳችሁ የሌላ ባቡር ወይም የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጣችሁ ተገቢ የሆነውን ወጪ ማስመለስ ትችላላችሁ። ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ። በባቡሩ ፈንታ የሚመጣው "ኤስ ኤ ፋው" የሚሉት አውቶቡስ ግን በያዛችሁት ቲኬት ነው፣ ተጨማሪ አይከፈልም፣ ችግሩ አንዳንዴ የሚቆመው ጣቢያው ደጃፍ ሳይሆን ጀርባ ነው፣ ቀድማችሁ ፈልጉት።

አሁን ለመዘግየቱ ወደሚከፈለው ካሳ። ድሮ ለ60 ደቂቃ የቲኬቱ ዋጋ 25 ፐርሰንት፣ ለ120 ደቂቃ 50 ፐርሰንት ምክንያቱ ምንም ይሁን ዝም ብሎ ይከፈል ነበር። ከጁን 2023 ወዲህ ግን ምክንያቱ እጅግ ከባድ የአየር ሁኔታ ወይም የተፈጥሮ አደጋ ከሆነ ካሳውን ላለመክፈል ይችላሉ። ይህን የሰማ ሁሉ "በቃ ጎርፍ ነው አይከፍሉም" ብሎ ፎርሙን ይተወዋል፣ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም ህጉ ራሱ በየአመቱ የሚመጣ የተለመደ የመጸው (የኸርብስት) ማዕበል አይቆጠርም ይላል። የትኛው ዝናብ ልዩ ነው የትኛው ተራ ነው የሚለውን እነሱ ያስረዱ፣ እናንተ በ3 ወር ውስጥ ዲቢ ናቪጌተር ላይ አመልክቱ። ከ4 ዩሮ በታች የሆነ ግን አይከፈልም። እንቢ ካሉ ሽሊሽቱንግስሽቴለ የሚባል አስታራቂ አለ፣ ለተሳፋሪ ነጻ ነው። የቲኬት ገንዘብ ማስመለሱና የሆቴሉ ጉዳይ ደግሞ ከካሳው የተለየ ነው፣ ጎርፍ ነው ብለው በሱ ሊያመልጡ አይችሉም፣ ፎርሙ ላይ ለየብቻ ጻፉት።

ወደ ቦሌ የምትበሩ ሰዎች፣ ባቡሩ ዘግይቶ አውሮፕላን ቢያመልጣችሁና ሁለቱን ቲኬት ለየብቻ ከገዛችሁ፣ የባቡሩ ድርጅት የአውሮፕላኑን አይከፍላችሁም። ማስጠንቀቂያ ካለ በዋዜማው ፍራንክፈርት ግቡ፣ ሻንጣው 23 ኪሎ በሆነበት ቀን ኤስ ኤ ፋው አውቶቡስ ላይ መጋፋት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ፍራንክፈርት የሚያውቀው ሰው የሌለው ሀበሻ ደግሞ አላጋጠመኝም፣ የአንዱ ዘመድ ሶፋ አይጠፋም።